ታምቦራን የተማርኩት በእግሬ ነው

ከልጅነቴ ጀምሮ ከበሮ ስመታ ስላደግሁ ታምቦራ የሚባለውን የዶሚኒካን ከበሮ በአንድ ወር የምጨርሰው መስሎኝ ነበር። ኒውዮርክ ውስጥ የተከራየሁበት ዋሽንግተን ሃይትስ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሰዎች የሞሉበት ሰፈር ነው፤ ቅዳሜ ማታ ከየመስኮቱ ሜሬንጌ የሚባለው የጭፈራ ሙዚቃቸው ይሰማል። ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት ሽማግሌ የሲባዎ ተወላጅ ናቸው። ፔሪኮ ሪፒያዎ የሚባለውን የገጠሩን ሜሬንጌ ሲጫወቱ ወለሌ ድረስ ይሰማኝ ነበርና አንድ ቀን በራቸውን አንኳኩቼ እንዲያስተምሩኝ ለመንኳቸው።

ሲባዎ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሰሜን ያለ የትምባሆ አገር ነው። የጀርመኑ አኮርዲዮን በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ የገባው ከዚሁ የትምባሆ ንግድ ጋር ነው። ከአኮርዲዮኑ ጎን ታምቦራና ጉዊራ አሉ። ጉዊራ በሽቦ የሚፋቅ፣ ገላው ሸካራ የሆነ የቆርቆሮ ቱቦ ነው። ታምቦራ ደግሞ ጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታ፣ ሁለቱም አፉ በፍየል ቆዳ የተወጠረ ከበሮ ነው፤ ቀኝ እጅ ዱላ ይይዛል፣ ግራ እጅ ባዶ መዳፍ ነው። በጥንቱ ልማድ አንዱ ወገን የወንድ፣ ሌላው የሴት ፍየል ቆዳ ይሆናል ብለው ሽማግሌው ቆዳውን እያስዳሰሱ አሳዩኝ።

ችግሩ ከእጄ መጣ። ሜሬንጌ ሁለት ሁለት እያለ የሚሄድ ምት ነው። የእኔ እጅ ደግሞ በስድስት የሚቆጠረውን ችክችካ ለምዷል። በዝግታ ስመታ ደህና ነኝ፤ ፍጥነት ሲጨመር ሳላውቀው ችክችካ ይሆንብኛል። ሦስት ወር ሙሉ በየምሽቱ ቆጠርሁ፣ አልተቃናም። ይባስ ብሎ አንድ የልደት ግብዣ ላይ እንድመታ ፈቀዱልኝና ጥንዶቹን አደናቀፍኳቸው። በምቱ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ፈጣን የዱላ ድርድር እንደ መዝጊያ ቆጥሬ፣ ከእርሱ በኋላ ትንሽ ትንፋሽ እወስድ ነበር። ያ ድርድር ግን ወደሚቀጥለው ምት የሚያንደረድር እንጂ የሚዘጋ አይደለም። እግራቸውን አንሥተው የሚያሳርፉበት ምት ዘገየባቸው። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ሽማግሌው ዱላውን ተቀበሉኝና «ልጄ፣ ተነሥ፤ መጀመሪያ ጨፍር» አሉኝ። ለሁለት ወር ከበሮ አልነካሁም። ከባለቤታቸው ጋር አቆሙኝ። በድሮው ወግ ጥንዶቹ መጀመሪያ ፓሴዎ በሚባለው መግቢያ ይንሸራሸራሉ፣ ከዚያ ይተቃቀፋሉ። በእያንዳንዱ ምት ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይዛወራል። ወገቡ የሚወዛወዘው ጉልበት ስለሚታጠፍ ነው፣ ማንም ሆነ ብሎ አያወዛውዘውም። እኔ ትከሻዬን ማሳረፍ አቃተኝ፤ ሴትዮዋ ሁለት መዳፋቸውን ትከሻዬ ላይ ጭነው ያስጨፍሩኝ ነበር። ቀጥሎ ጉዊራ ሰጡኝ፦ አንድ ረጅም ፍቀት፣ ሁለት አጭር፣ ሽሽ ችች፣ ሽሽ ችች፣ እግሬ ሳያቋርጥ። ታምቦራውን መልሰው ጭኔ ላይ ሲያስቀምጡልኝ ድርድሩ በራሱ ወደ እግሬ ወደቀ።

እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ የዶሚኒካንን ሜሬንጌ በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ ሙዚቃውንና ጭፈራውን በአንድነት መመዝገቡ ልክ ነበር። ዛሬ ታምቦራ ልማር የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ጫማው ለጭፈራ ይመች እንደሆነ ነው።

ባለፈው ወር ሽማግሌው ችክችካ እንዳስተምራቸው ጠየቁኝ። እኒያ የስልሳ ዓመት ልምድ ያላቸው እጆች ፍጥነቱ ሲጨምር ወደ ሜሬንጌ ተመለሱባቸው። ከበሮውን ከጭናቸው አነሣሁና «አባቴ፣ ይነሡ» አልኳቸው። ከትከሻቸው ጀመርን።