ሁለት መስመር ስላለኝ አልሠጋም ብዬ ነበር

ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ሕንጻ ውስጥ አንድ የሰርቨር ራክ አቆምኩ። ስድስት ሰርቨሮች አሉት። ሥራ ሲበዛባቸው እያንዳንዳቸው 2 ኪሎዋት ይበላሉ፤ በድምሩ 12። ለአንድ ራክ ብዙ ነው።

እያንዳንዱ ሰርቨር ሁለት ፓወር ሰፕላይ (ኤሌክትሪክ የሚቀበልበት ክፍል) ስላለው፣ አንዱ ቢቋረጥ ሌላው እንዲያቆየው «ሀ» እና «ለ» ብዬ ሁለት መስመር ዘረጋሁ። ሁለቱም ሲንግል ፌዝ፣ ባለ 32 አምፔር። 220 ቮልት በ32 ሲባዛ 7 ኪሎዋት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 14። ለ12 ይበቃል አልኩ። ስህተቴ መደመሬ ነበር።

በሙከራው ቀን «ሀ»ን አጠፋሁት። ሰርቨሮቹ ንቅንቅ አላሉም። ደስ ብሎን ተጨባበጥን። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ «ለ»ም ቷ ብሎ ወደቀ፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ዛሬም ይሰማኛል። የ«ሀ» ጭነት በሙሉ ወደ «ለ» ዞሮ፣ ባለ 32ቱ ብሬከር 54 አምፔር ተሸክሞ ነበር። ብሬከር እንዲህ ያለውን ጭማሪ ወዲያው አይቆርጥም፤ እስኪግል ይታገሣል። እኛንም ያዘናጋን እሱ ነው። አሁን አንዱን መስመር አጥፍቼ ስሞክር ሙሉ አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ።

የጣና ውኃ በለስ ላይ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። የእኔን 12 ኪሎዋት ያቋረጣት ግን ግድግዳዬ ላይ ያለ አንድ ብሬከር ነው።

ሁለቱንም መስመር ወደ ሶስት ፌዝ ቀየርን። እያንዳንዱ ፌዝ እንደ ቀድሞው 7 ኪሎዋት ስለሚሸከም፣ በ380 ቮልት ያው 32 አምፔር በሶስቱ ፌዝ 21 ኪሎዋት ይሆናል። ቀን ከሌት ለሚሠራ ጭነት 80 በመቶውን ብቻ ብንቆጥር እንኳ ወደ 17 ይጠጋል። አንዱ መስመር ብቻውን ሁሉንም ይችላል ማለት ነው።

«ጋሼ፣ አለቀ» አልኳቸው ኤሌክትሪሺያኑን።

«ቆይ ልጄ፣ ኒውትራሉን ልየው» አሉ።

ኒውትራል ከሶስቱ ፌዞች ያልተመጣጠነው ጭነት የሚመለስበት ገመድ ነው። ገመዱን አቅፎ የሚለካው ክላምፕ ሜትር 13 አምፔር አሳየ። ጭነቱ ለሶስቱ ፌዝ እኩል ቢከፋፈል ኖሮ እዚያ ላይ ይህን ያህል አይገኝም ነበር። ለካ አራቱን ሰርቨሮች ለእጄ በቀረቡት ሶኬቶች ሰክቻቸዋለሁ፤ ሶኬቶቹ ደግሞ ሁሉም የአንድ ፌዝ ናቸው። አንዱ መስመር ቢቋረጥ ያ ፌዝ ብቻውን 36 አምፔር ሊጎትት ነበር። ያው ወጥመድ! ለየፌዙ ሁለት ሁለት ስናደርጋቸው 18 ሆነ። እኚህ ሰው ባይለኩ ኖሮ መብራት እስኪጠፋ ድረስ አላውቅም ነበር።

ጄኔሬተር የምትገዙ ደግሞ ከፍታውን አትርሱ። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከተጻፈበት ያነሰ ጉልበት ሊሰጥ ይችላል። ሻጩን «እዚህ ከፍታ ላይ ስንት ይሰጣል?» በሉት።

ሌላው ሙቀት ነው። ሰርቨሮቹ የሚወስዱት 12 ኪሎዋት ሁሉ ተመልሶ ሙቀት ይሆናል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራው ዩፒኤስ ሰርቨሮቹን ያቆያል እንጂ ማቀዝቀዣውን አያሠራም። ጄኔሬተሩ አልነሳ ካለ ጠባቡ ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፤ ባትሪው ገና ሳይጋመስ። ስለዚህ ሰርቨሮቹ ባትሪውን እንዳይጠብቁ አደረግኩ። የሚገባላቸው አየር 35 ዲግሪ ሲደርስ ሥራቸውን አስቀምጠው በሥርዓት ይዘጋሉ።