ከኢዛቤል ማግስት ያገኘኋት ወፍ

ዛሬ ማታ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ስልኬ ላይ ሲመጣ ያቺ ወፍ ትዝ አለችኝ።

መስከረም 8 ቀን 1996 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 19 ቀን 2003። ኢዛቤል የተባለው ሀሪኬን በዋዜማው ኖርዝ ካሮላይና ላይ ከባሕር ወጥቶ ሌሊቱን ቨርጂኒያን ሲያናውጥ አደረ። መብራት የለም። የፖቶማክ ወንዝ ሞልቶ የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ አሮጌው ከተማ ታችኛው ክፍል ውኃ ውስጥ ነው። እኔ የምሠራበት ፓርኪንግ ከፍ ካለው ሰፈር ስለነበር ጎርፉ አልደረሰበትም።

ጠዋት ሺፍት ልረከብ ስገባ ግድግዳው ሥር አንዲት ጠቆር ያለች ወፍ በደረቷ ተኝታ አገኘኋት። ሰውነቷ ከድንቢጥ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ክንፏ ግን ሲዘረጋ ይገርማል። ከጭራዋ በላይ ነጭ አለባት። መንቁሯ ላይ ደግሞ አፍንጫዋ እንደ ቀጭን ቧንቧ ተለጥፏል። ላቆማት ብሞክር እግሯ አልያዘላትም። ሳነሣትም አልተፈራገጠችም።

"ጋሼ፣ ይቺን ወፍ እስቲ ይዩልኝ" አልኩ አብረውኝ የሚሠሩትን ሰው።

"ደክሟት ነው ልጄ፤ ስኳር በጥብጠህ ጠብ አድርግላት።"

አደረግኩ። ዳቦም ፈረፈርኩላት። ዛሬ ያንን ባላደረግኩ እላለሁ። የደከመች ወፍ አፍ ውስጥ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል፤ የሚያስፈልጋት ጨለማ ካርቶን፣ ጸጥታና የሚያውቅ ሰው ነበር።

የሚያውቅ ሰው የመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው። መኪናዋን ልታወጣ የመጣች ሴትዮ አይታት ደነገጠች። ስቶርም ፔትረል ትባላለች አለችኝ። ውቅያኖስ ላይ የምትኖር፣ መሬት የምትረግጠው ልትፈለፍል ብቻ፣ ያውም በሌሊት። በዓመት አንድ እንቁላል ትጥላለች፤ ከ30 ዓመት በላይም ልትኖር ትችላለች። ያ ቧንቧ የጠጣችውን ጨው የምታስወጣበት ነው። ክብደቷ 45 ግራም ገደማ ስለሆነ እንዲያ ያለ ነፋስ ከያዛት ወዴት ትሂድ? በዚያ ሰሞን ሌሎችም የባሕር ወፎች ተገፍተው ፖቶማክ ላይ ታይተዋል።

ፔትረል የሚለው ስም ከጴጥሮስ የመጣ ነው ይባላል፤ ስትመገብ በእግሯ ውኃውን እየነካካች፣ በላዩ የምትራመድ ስለምትመስል። ይህን ስሰማ ዓይኔ ወደ እግሮቿ ሄደ። እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠኑ፣ በጣቶቹ መሃል ስስ ቆዳ ያለባቸው።

ሴትዮዋ የዱር እንስሳ ወደሚያክሙ ሰዎች ደወለች። መንገዱን የወደቀ ዛፍ ዘግቶታል፤ አመሻሽ ላይ እንመጣለን አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያስተኛናትን ካርቶን ስከፍት ሞታለች።

ጃኬቴ ላይ የቀረው ሽታዋ እንግዳ ነበር፤ እንደ ዘይትም፣ እንደ ባሕርም። ሙዚየም ውስጥ በተቀመጡት መሰሎቿ ላይ ለአሥርተ ዓመታት አይለቅም ይላሉ። እኔ ጃኬቱን እስከ መስቀል ድረስ አላጠብኩትም።