ፈንጂው ከመፈንዳቱ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ

የመሬቱን ውስጣዊ ንጣፍ ለማጥናት ያፈነዳነውን ፈንጂ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ የተከልሁት የንዝረት መመዝገቢያ ከመፈንዳቱ 18 ሰከንድ አስቀድሞ እንደ መዘገበው ለቡድናችን ካስረዳሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል፤ ሌሊት ሌሊት ግን አሁንም እዚያው ስብሰባ ላይ ነኝ።

ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ገና ግራፉን ሳይ ደምድሜ ነበር። የፍንዳታውን ቅጽበት የሚይዘው ሳጥን በፈንጂ ባለሙያው እጅ ስለ ነበር፣ «የሰው ስህተት» የሚል ርእስ ያለው ስላይድ አዘጋጅቼ፣ እርሳቸው ከፊት ወንበር ተቀምጠው እያዩኝ ሩብ ሰዓት ያህል ስለ ጥንቃቄ ሰበክሁ። የራሴንም ጥንቃቄ አርአያ አድርጌ አቀረብሁ፤ ሰዓት ከሳተላይት ከሚቀበለው አንቴና እስከ መመዝገቢያው የተዘረጋውን 20 ሜትር ኬብል ተንበርክኬ መለካቴን፣ ምልክቱ በእያንዳንዱ ሜትር 5 ናኖሰከንድ (ናኖሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው) ያህል ስለሚዘገይም 100 ናኖሰከንድ ማስተካከሌን ተረክሁ። ተንበርክኬ የተነሣሁት ፎቶግራፍም ነበረ።

ከኋላ የተቀመጠች ተለማማጅ እጇን አወጣች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ 18 ሰከንድ በጂፒኤስ ሰዓትና በዓለም መደበኛ ሰዓት በዩቲሲ መካከል ያለው ልዩነት አይደለም እንዴ? መሣሪያው ራሱ ወደ ዩቲሲ ለውጦት ሳለ እርስዎ ደግመው ቀንሰውት ይሆን?»

ቀንሼዋለሁ። የጂፒኤስ ሰዓት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 6 ቀን 1980 ጀምሮ አንድም ሰከንድ ሳይጨመርበት ይቆጥራል፤ ዩቲሲ ግን ከምድር መሽከርከር ጋር እንዲስማማ በየጊዜው ተጨማሪ ሰከንድ ሲሰካበት ኖሮ፣ ከእ.ኤ.አ. 2016 መጨረሻ ወዲህ በ18 ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርቷል። ይህን ለተለማማጇ ያስተማርኋት እኔ ነኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ 18 ሰከንድን በልቤ ሳልቆጥር የማልፈው ነገር የለም። ብርሃን በዚህ ጊዜ ውስጥ ከምድር ጨረቃ ሰባት ጊዜ ደርሶ ይመለሳል። ተንበርክኬ ካስተካከልሁት የኬብል መዘግየት ጋር ሲተያይ 180 ሚሊዮን እጥፍ ነው፤ ትንኟን አጥርቼ ግመሉን ከነጭነቱ ውጬዋለሁ ማለት ነው። ይባስ ብሎ መመዝገቢያው በሰከንድ የሚወስደው 200 ናሙና ብቻ ስለ ሆነ በሁለት ናሙናዎች መካከል 5 ሚሊሰከንድ አለ፤ ያቺን 100 ናኖሰከንድ ባስተካክላትም ባላስተካክላትም ግራፉ ጉዳዬ አይላትም።

የመሣሪያውን አምራች ሳልወቅስ ግን አላልፍም። በፋይሉ ራስጌ ላይ «ሰዓት፦ ጂፒኤስ» ብሎ የሚጽፍ መሣሪያ፣ ለካ ሰዓቱን ከጂፒኤስ ሳተላይት ተቀበልሁ ማለቱ እንጂ በጂፒኤስ አቆጣጠር ጻፍሁ ማለቱ አይደለም። አንዲት «ዩቲሲ» የምትል ቃል ለመጨመር ምን ያህል ቀለም ይፈጅ ነበር? በፋይል ውስጥ ቀለም እንኳ የለም! ተጨማሪ ሰከንድ መሰካቱ ቢዘገይ እ.ኤ.አ. በ2035 እንዲቀር በ2022 ዓለም አቀፍ ጉባኤ መወሰኑን ሰምቻለሁ፤ ይሁን እንጂ የእኔዎቹ 18 ሰከንዶች ከነስላይዱ ባሉበት ይቀራሉ።

የፈንጂ ባለሙያውን ይቅርታ ጠይቄአቸው፣ ምንም አላሉኝም። ትናንት ግን ለሁለተኛው ፍንዳታ መስክ ወጥተን ሁሉም ጆሮውን ይዞ ሲጠባበቅ፣ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ እንዳደረጉ ወደ እኔ ዞሩና በከፍተኛ ትሕትና ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ ሰማኸው እንዴ?»