የአባዬ ቤላሩስ

ግንቦት 18፣ ማታ

ዛሬ ጎንደር፣ አዘዞ ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ዋልኩ። እጄ እስካሁን ናፍታ ናፍታ ይሸታል። ግን ደስ ብሎኛል፤ ሳልተኛ ልጻፈው።

የአባዬን ትራክተር፣ ኤምቲዜድ 80 ቤላሩሱን፣ ከመተማ ጭኜ ያስመጣሁት በፍርሃት ነው። ጠዋት ሲነሳ የዘይት ግፊት ጌጁ 4 ላይ ይቆማል። ሁለት ሰዓት አርሶ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ) ሲሆን ግን 0.5 ድረስ ይወርዳል። አንዱ ጋራዥ "ብሮንዚናው አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ" አለኝ። ብሮንዚና ክራንክ ሻፍቱ፣ የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ የሚሽከረከርበት ማቀፊያ ነው። ሌላው "ወፍራም ዘይት አድርጊበት፣ ጌጁ ይነሳል" አለ። የሰሊጥ መዝሪያ ደርሷል። ሞተር ማስወረጃ ብር የለኝም። ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

የአዘዞው ሽማግሌ መካኒክ መጀመሪያ ቁልፍ እንኳ አላነሱም። "አስነሺውና ይሙቅ፣ ልጄ" አሉኝ። የውሃው ሙቀት 80 እስኪደርስ ቡና ጠጣን። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ያለቀለት ሞተር ላይ እንኳ ጌጁን ከፍ ያደርገዋል። እኔ ጠዋት ጠዋት የምጽናናበት 4 ለካ ምንም አይናገርም። ይሄ ሞተር ሞቆ በሥራ ዙር (በሚያርስበት ፍጥነት) ላይ ከ2 እስከ 3 ካሳየ ጤነኛ ነው። ሚኒሞ ላይ ከ0.8 መውረድ የለበትም። ደግሞ ጎንደር ነፋሻ ነው። እዚህ ጥሩ የመሰለ ቁጥር መተማ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ዝቅ ይላል።

ከዚያ የራሳቸውን ጌጅ ገጠሙ። ያው 0.5። የኛው ጌጅ አልዋሸም።

ቀጥለው የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዙ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ወጥቷል። እኔ እኮ ይሄንን አይቼ "የኛ ትራክተር ዘይት አይበላም" እያልኩ ስኮራ ነበር! ጠብታውን ጣቴ ላይ አደረጉልኝ። "እሽት እሽት አድርጊው፣ አሽቺው።" በሁለት ጣቴ መሃል እንደ ውሃ ሸሸ። ናፍታ ናፍታ ሸተተኝ። ናፍታው በናፍታ ፖምፓው በኩል እየሾለከ ዘይቱን ሲያቀጥነው ከርሟል።

ጌጁ የዘይቱን ብዛት አያሳይም። የዘይት ፖምፓው ይገፋል፤ ዘይቱ በብሮንዚናውና በክራንክ ሻፍቱ መሃል ባለች ቀጭን ክፍተት ለማለፍ ይታገላል። ጌጁ የሚያሳየው ፕሬዠር (ግፊት) ማለት ያ ትግል ነው። ዘይቱ ሲቀጥን ወይም ክፍተቱ ሲሰፋ ትግሉ ይላላል። ስለዚህ ያው ዝቅ ያለ ቁጥር ሁለት የተለያየ በሽታ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሞተር ያስወርዳል፣ ሌላው በጎሚኒ (ናፍታው እንዳይሾልክ በሚይዘው ላስቲክ) እና በአዲስ ዘይት ያልቃል። ወፍራሙን ዘይት ጨምሬበት ቢሆን ኖሮ ጌጁ ይነሳ ነበር። ናፍታው ግን ውስጥ ሆኖ ብሮንዚናውን መብላቱን አይተውም።

የናፍታ ፖምፓው ጎሚኒ ተቀየረ። ዘይቱ ፈሰሰ። ዘይት የሚያጠራውን ሴንትሪፉጅ ሲከፍቱት ግድግዳው ላይ ጥቁር ቆሻሻ እንደ ጭቃ ተለጥፏል፤ በቢላ ነበር የፋቅነው። አዲስ ዘይት ሞልተን እንደገና እስኪሞቅ ጠበቅን። ሚኒሞ ላይ 1.2። በሥራ ዙር 2.6።

ሞተሩን ሳጠፋው ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ፦ "ዝም!" ከውስጥ እንደ ንብ ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ሴንትሪፉጁ ነው። በዘይቱ ግፊት ስለሚሽከረከር፣ ደህና ከሆነ ሞተሩ ጠፍቶም ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ያጉረመርማል።

አባዬ ነፍሱን ይማረው፣ ማታ ማታ ትራክተሩን አጥፍቶ እጁን ኮፈኑ ላይ አድርጎ ይቆም ነበር። "አባዬ፣ ራት ቀርቧል" ስንለው በእጁ ዝም በሉ ይለናል። ደክሞት ይመስለን ነበር።

ዛሬ እኔም እጄን ኮፈኑ ላይ አድርጌ ቆጠርኩ። 41 ሰከንድ።