በወረቀት ላይ የደረቁ ጠብታዎች

በ1997 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ለአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መረጃ ከሚሰበስቡት ቡድኖች በአንዱ ተመድቤ በወሎ ገጠር ቤት ለቤት እዞር ነበር። ለኤች አይ ቪ ምርመራ ጣት ወጋ አድርገን የምትወጣውን ደም በወፍራም ወረቀት ላይ ጠብ እናደርጋለን፤ መለያ ቁጥር እንለጥፋለን፤ ሌሊቱን ካደረቅነው በኋላ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር አሽገን ወደ አዲስ አበባ እንልካለን። ስም አይጻፍበትም። አንዲት የአምስት ልጆች እናት ጣቷን በጥጥ እንደያዘች «ልጄ፣ ውጤቱን መቼ ትነግሪኛለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ናሙናው ከስሟ ጋር ስለማይያያዝ ልነግራት እንደማልችል አስረዳኋት፤ በነፃ ተመክራ የምትመረመርበትን ወረቀትም ሰጠኋት። ጤና ጣቢያው ግን የግማሽ ቀን መንገድ ነበር።

ከዚያ ጥናት የተገኘው ቁጥር ብዙ ሰው አስደነገጠ። ከሁለት ዓመት በፊት የአዋቂዎች የኤች አይ ቪ ሥርጭት 4.4 በመቶ ነው ተብሎ ነበር፤ አዲሱ ጥናት 1.4 በመቶ አለ። ቫይረሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ጠፍቶ አይደለም፣ ቁጥር የደበቀም አልነበረም። የቀድሞው ግምት የተሠራው ለቅድመ ወሊድ ክትትል ወደ ጤና ተቋም ከሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ደም ሲሆን፣ ተቋማቱ በብዛት የሚገኙት በከተሞችና በአውራ ጎዳና ዳር ነበር። በዚያ ዘመን ከወለዱት እናቶች መካከል በሠለጠነ ባለሙያ ክትትል ያገኙት 28 በመቶ ብቻ ስለነበሩ፣ ጣቷን በጥጥ የያዘችውን እናት የመሰሉ ሴቶች ከቆጠራው ውጭ ቀርተው ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን አማካዩ ሳይሆን በውስጡ የተሸሸገው ልዩነት ነው፤ በከተማ 5.5 በመቶ፣ በገጠር 0.7 በመቶ። ቫይረሱ መንገድ ተከትሎ የተጓዘ ነው። በ1980ዎቹ መባቻ በንግድ መስመሮች ላይ በተሠራ ጥናት በወሲብ ንግድ ከተሰማሩ ሴቶች 17 በመቶ፣ ከረጅም ርቀት ሹፌሮች 13 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቶ ነበር። ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን መስመር የሚያውቅ ሰው ሚሌንና ሎግያን ያስታውሳል፤ ከባድ መኪና ተደርድሮ የሚያድርባቸው፣ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች በየመኝታ ቤቱ የሚሠሩባቸው ከተሞች ናቸው። አንድ ሰው በተያዘ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ገና ራሱ ሳያውቅ፣ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን እጅግ ከፍተኛ ስለሚሆን፣ ግንኙነት በአጭር ጊዜ ውስጥ በሚደራረብበት ስፍራ አንዱ ሳይታወቅ ለሌላው ያስተላልፋል። አልማዝ ባለጭራ የወጣበትን ሰው ጎረቤት በጥርጣሬ ማየት የሚጀምረው ከዓመታት በኋላ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ጥናት አገር አቀፉ መጠን 0.9 በመቶ ሲሆን፣ ጋምቤላ 4.8 በመቶ፣ ሶማሌ ክልል ደግሞ ከ0.1 በመቶ በታች ነበሩ። ሁለቱም ጠረፍ ናቸው። አንዱ ልዩነት የወንዶች ግርዛት ነው፤ ግርዛት ወንዶች ከሴቶች የሚያዙበትን ዕድል በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ በተካሄዱ ሙከራዎች ታይቷል፣ በጋምቤላ ደግሞ በባህላቸው የማይገርዙ ማኅበረሰቦች አሉ። በእርግጥ ይህ ብቻውን ሁሉን አያስረዳም።

በ2010 ዓ.ም. በከተሞች በተደረገው ጥናትም ከሴቶች 4.1፣ ከወንዶች 1.9 በመቶ ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል። ነፃ መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. ስለተጀመረ፣ ከነዚህ መካከል ብዙዎቹ በሕይወት በመኖራቸው የተቆጠሩ ናቸው፤ መድኃኒቱን በአግባቡ ወስደው የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደላቸው ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፉም። ከፍ ያለ ቁጥርን ሁልጊዜ እንደ አዲስ መዛመት ማንበብ በእነሱ ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

የአንድን ወገን ቁጥር በግለሰብ ላይ ሲጭኑት የሚሆነውን በጥር 1988 ዓ.ም. በእስራኤል አይተናል። ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም፣ በማኅበረሰቡ ያለው ሥርጭት ከፍ ያለ ነው ተብሎ፣ ለጋሾቹ ሳይነገራቸው ለዓመታት ሲጣል መቆየቱ ተጋለጠ፤ በሺዎች የሚቆጠሩት በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ። ያን ቁጣ ሳስብ የወሎዋ እናት ጥያቄ ይመጣብኛል። ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር የተለየችን፤ ጤና ጣቢያው ድረስ መሄዷን ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።