«መቃወሚያ የለንም»

በ2013 ዓ.ም. ተመርቄ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ በነገረ ፈጅነት ተቀጠርኩ። የጥብቅና ፈቃድ ልምድና ፈተና ይፈልጋል፤ ነገረ ፈጅ ግን ለቀጣሪው ያለ ፈቃድ መከራከር ይችላል። ችሎት ለመቆም ቸኩዬ ነበርና ደስ አለኝ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ደብዳቤ በመጻፍና መዝገብ ቤት በመሰለፍ አለፉ።

ከዚያ የጋሼ ክስ መጣ። ጋሼ የምላቸው የግቢያችን ዘበኛ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍተው «ደህና አደርሽ የኔ ልጅ?» የሚሉኝ። በቀን 12 ሰዓት እየሠራሁ የትርፍ ሰዓት አልተከፈለኝም ብለው የሁለት ዓመት ከአራት ወሩን ባንድ ላይ ጠየቁ። ጠበቃ አላቆሙም። ክሱ ፍርድ ቤት በር ላይ ካሉት ጸሐፊዎች ዘንድ የተጻፈ፣ አንድ ገጽ ተኩል፣ ድምሩ ላይ ስህተት ያለበት ነው።

መልሱን ሦስት ሌሊት አምሽቼ ጻፍኩት። ዘጠኝ ገጽ። ሁለት የሰበር ውሳኔ ጠቀስኩ፤ የዘበኛ ሥራ መጠበቅ እንጂ መሥራት አይደለም የሚል ክርክር አስገባሁ (አሁን ሳነበው ፊቴ ይግላል)፤ የድምር ስህተቱን ከነስሌቱ አሳየሁ።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው መዝገቡን ገልጠው «የተከሳሽ ነገረ ፈጅ፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አላችሁ?» አሉኝ፤ ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገባ ክሱን ሊያስቆም የሚችል ነገር ካለ ማለታቸው ነው።

«የለንም፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ቀና ብለው አዩኝና ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ወደ ቃል ክርክሩ ገባን።

ማታ ቤቴ ሌላ ነገር ስፈልግ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011ን ገለጥኩ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። ከ28ቱ ወር 22ቱ በአንዲት መስመር ይወድቅ ነበር! ይርጋን ደግሞ ዳኛ በራሱ አያነሳም፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1856 ይከለክለዋል። ተከሳሹ እንደ መጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ በጊዜው ካላነሳው እንደተወው ይቆጠራል። ዳኛው ለምን እንደቆዩ ያኔ ገባኝ። መልሴን ላሻሽል ብዬ አመለከትኩ፤ አልተፈቀደም።

ሕጉ በ60 ቀን ይወሰን የሚለው ክርክር ሰባት ወር ፈጅቶ ጋሼ ረቱ። የተቀነሰባቸው ያች የድምር ስህተት ብቻ ናት። ሥራ አስኪያጁ «ይግባኝ እንበላ!» ሲሉኝ የይርጋውን ነገር መናገር ግድ ሆነብኝ። አልጮሁም፤ ቀጣዩን መዝገብ ግን ለውጭ ጠበቃ ሰጡት። በኋላ እዚያው ጠበቃ ዘንድ በረዳትነት ገባሁ። ሰውዬው ደንበኛ ታሪኩን ሲጀምርላቸው አቋርጠው «ቆይ፣ መጀመሪያ ቀኑን ንገረኝ» ይላሉ። ዛሬ የራሴን ፈቃድ አውጥቼም መዝገብ የምከፍተው ከቀኑ ነው።

እውነቱን ለመናገር ጋሼ ያገኙት የሠሩበትን ነው። በይርጋ ብረታቸው ኖሮ በዚያ በር እንዴት እንደምገባ እንጃ። ከፍርዱ ማግስት እንደወትሮው ከፈቱልኝና እጄን ጨብጠው አልለቅም አሉ።

«የኔ ልጅ፣ እንዴት አባሽ ነው የምትከራከሪው! ያን ሁሉ ወረቀት ሳይ እኮ አለቀልኝ ብዬ ነበር።»