ስለቴ ሁለት ሆነ

በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይመስገን። ምስክርነት ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰው ፊት ቆሜ ልናገረው አስቤ አፈርኩ፤ ታሪኩ ጠመንጃ ስላለበት ነው መሰለኝ። እዚህ ልጻፈው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ነው። ያን ሰሞን እናቴ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታ ቀዶ ሕክምና ትጠብቅ ነበር። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ስኳርም አለባት። ሄጄ እንዳላስታምማት ወረቀቴ አላለቀም። ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ስሰግድ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ከዚያ ክፍል በሕይወት አውጣልኝ።" ለቅዱስ ሚካኤልም ዣንጥላ ተሳልኩ። የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ደግሞ ኅዳር 12 ላይ ዋለ፤ በሚካኤል ዕለት። ቀኑን ማንም አልመረጠውም።

ያን ቀን ሥራ አልገባሁም። ቤት ቁጭ ብሎ ስልክ ላይ ሲያፈጥ ይውላል ብሎ የሥራ ባልደረባዬ አባቱ እርሻ ይዞኝ ሄደ። አባቱ ከሰባ ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። በአፉ የሚጎርስ፣ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ አላቸው። የድሮ ዕቃ አይደለም፤ በድሮው አምሳል ጣሊያን አገር የተሠራ ነው። (ከቤተሰባችን የጣሊያን ጠመንጃ በሰላም የያዝኩ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም።) እኛ አገር እንዲህ ያለውን ዘገምተኛ "ቆመህ ጠብቀኝ" ይሉታል። ስሙን ተርጉሜ ስነግራቸው በሳቅ ፈረሱ።

ይሄ ጠመንጃ ቀለሃ የሚባል ነገር የለውም። ሁሉን በአፉ ነው የምታጎርሰው። መጀመሪያ ጥቁር ባሩድ በመስፈሪያ፣ 5 ግራም ገደማ። ጥቁር ብቻ! የዘመኑ ጭስ አልባ ባሩድ ከገባበት ብረቱን ሊበትነው ይችላል። ባሩዱ ላይ ወፍራም ውታፍ ይገባና በዘንግ ይጠቀጠቃል። ቀጥሎ በዚያው መስፈሪያ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬ፤ እሱ 32 ግራም ያህል ይመዝናል። ፍሬው እንዳይፈስ ከላይ ስስ ካርቶን። ከዚያ ሁለተኛው አፈሙዝ እንደዚሁ። በመጨረሻ፣ ሁለቱም ከጎረሱ በኋላ፣ ከኋላ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ላይ የምስር ፍሬ የምታክል የመዳብ ቆብ ትደፋለህ። መዶሻው ቆቧን ሲመታት እሳቱ በቀዳዳው ገብቶ ባሩዱን ያገኘዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። ጠመንጃው ሲቀመጥ ዘይት ይቀባል። ዘይቱ ቀዳዳው ውስጥ ከቀረ እሳት አያሳልፍም። ስለዚህ ገና ባዶ እያለ ቆብ ደፍተህ፣ አፈሙዙን ወደ ሣር አስጠግተህ ምላጩን ትስባለህ። ሣሩ ከተነቃነቀ ቀዳዳው ክፍት ነው ማለት ነው። ሽማግሌው ይህን ለእኔ ተዉልኝ። በግራው ሣሩ ተነቃነቀ። በቀኙ አልተነቃነቀም። እኔ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር። "ሁለቱም ደህና ናቸው" አልኳቸው።

ቀኙን አጎረስኩ። ባሩድ፣ ውታፍ፣ እርሳስ፣ ካርቶን። ልክ እንደጨረስኩ ስልኩ ጮኸ። እህቴ ናት። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር፤ አዲስ አበባ ከምሽቱ 12 ሰዓት።

"ወጣች! እማዬ በሰላም ወጣች! ነቅታ ውኃ ስጡኝ እያለች ነው!"

እዚያው ሜዳ ላይ ተንበረከክሁ። አለቀስኩ። ባልደረባዬ የሞተብኝ ሰው ያለ መስሎት ሮጦ መጣ። ነገሩን ስነግራቸው አቀፉኝ፣ ሽማግሌውም ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ በዚያው ደስታ ወደ ጠመንጃው ተመለስኩና "የቀረውን" አፈሙዝ አጎረስኩ።

ቆቦቹን ደፋሁ። በአየር ላይ የምንተኩሳት የሸክላ ኢላማ ተወነጨፈች። ቀኙን ሳብኩ። ቆቧ ጧ አለች፤ ጠመንጃው ዝም።

"አትነቃነቅ! አፈሙዙን ወደዚያው እንደያዝክ ቆይ!" አሉኝ ሽማግሌው። አንዳንዴ እሳቱ ዘግይቶ ይነሳል። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆየን። ቆቧን ቀየርን። ጧ፤ ዝም። አሁንም ጠበቅን። እኔ ትዕግሥቴ አለቀ፤ "በቃ ግራውን ልሞክር" አልኩ። "አይሆንም" ብለው ተቀበሉኝ። ቆቦቹን አነሱ።

የመጠቅጠቂያው ዘንግ ሁለት ምልክት አለው። አንዱ ባዶ ሲሆን፣ አንዱ የጎረሰ ሲሆን ይታያል። ዘንጉን ግራው ውስጥ ሰደዱት። እስከ ታች ወረደ። ባዶ ነው። ቀና ብለው አዩኝ። ቀኙ ውስጥ ሰደዱት። ከጎረሰው ምልክት ሦስት ጣት ከፍ ብሎ ቆመ።

ቀኙን ሁለት ጊዜ አጉርሼዋለሁ። እኛ ጋ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ እዚህ ገዳዩ ሁለተኛው ነው። አንዱን ሊያስወጣ የተሠራ ብረት እጥፉን ሲጫንበት ሊሰነጠቅ ይችላል። ግራ እጄ ብረቱን ደግፎ የነበረው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ነው። ጉንጬም ሰደፉ ላይ ተጋድሞ ነበር።

ሽማግሌው ምንም አልተቆጡኝም። ዘንጉ ጫፍ ላይ ጠመዝማዛ ብረት አሰሩና ካርቶኑንና ውታፉን አንድ በአንድ ሳቡ። እርሳሱን ሚዛን ላይ አደረጉት። 64 ግራም። ባሩዱ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ቆብ የሚደፋባትን ብረት ፈትተው አሳዩኝ። ቀዳዳዋ በዘይት ተደፍኗል። ያን ጊዜ ሣሩ ትዝ አለኝ። ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ይህን የሰማ አንድ ወዳጄ "ዘይት ነው እንጂ ተአምር አይደለም" ብሎኛል። ዘይት መሆኑን ከእሱ በላይ እኔ አውቃለሁ፤ ያላጠራሁት እኔ ነኝ። አንዱን ጥፋቴን በሌላው ጥፋቴ የከለከለልኝ ማን እንደሆነ ግን ከዘይቱ ልጠይቅ አልችልም። ለእናቴ ሳምንት ሙሉ ለመንኩ። ለራሴ አንዲት ቃል አላወጣሁም ነበር።

በሁለት ሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ስልኬን መኪና ውስጥ ትቼ፣ በእያንዳንዱ ጉርሻ ዘንጉን እየለካሁ ተኮስኩ። ቀኙ ሲተኮስ ግራው ውስጥ ያለው ጉርሻ በንዝረቱ ወደ ፊት ሊንሸራተት ስለሚችል፣ ቀኙን እንደገና ከማጉረሴ በፊት ቆቡን ከግራው አንስቼ በዘንጉ እመልሰዋለሁ። ሽማግሌው ከኋላዬ ቆመው ሣሩን ያያሉ።

ለእህቴ የዣንጥላ ገንዘብ ላክሁላት፤ የሁለት። እናቴ ስልኩን ተቀብላ "ሁለተኛው የማነው?" አለችኝ።

"የእኔ ነው እማዬ።"

"ምን ሆነህ?"

"ስትድኚ እነግርሻለሁ" አልኳት። አሁን ድናለች። እህቴ ይህን ታንብብላት።